ወለሉ ላይ ያለው ፕላስተር

ገምጋሚዋ በእናትየው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የልጅቷን የትምህርት ዶሴ የመጀመሪያ ገጽ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ እየመጡ፣ ትምህርት ቤት ሳይሄዱ ከወላጆቻቸው ጋር በየቤታቸው የሚማሩ ልጆችን ሥራ አይተው የሚፈርሙ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ያነበቡት እናትየው ልጇን ከትምህርት ቤት ያስወጣችበትን ደብዳቤ ነው። “ልጄ ኤዲኤችዲ የሚባል ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ስላለባት ቁጭ ማለት ያቅታታል። አስተማሪዋ ግን በወንበሯ ዙሪያ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፋ፣ ከዚህ እንዳታልፊ አለቻት። ልጄ ከብት አይደለችም” ይላል።

“ስንቷ እናት ዝም ትላለች መሰለሽ” አሉ ገምጋሚዋ። “አንቺ ግን ልብ አለሽ።”

እናትየው አቀርቅራ የጠረጴዛውን ልብስ ወደ ታች ሳብ አደረገችው። ገምጋሚዋ ሊፈርሙ ሲሉ እስክሪብቷቸው ከእጃቸው አመለጠና በወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተንከባሎ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆመ። ኮሪን፣ ከእናቷ አጠገብ የተቀመጠችው፣ ዝንብ ባለፈ ቁጥር የምትነሳው የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ፣ ላንሳልዎት ብላ ከወንበሯ ተፈናጥራ ተነሳች። አንድ እርምጃ እንደሄደች ግን እግሯን አንጠልጥላ ቀጥ አለች። ከፊቷ፣ ወንበሯን ዙሪያውን የከበበ ሰማያዊ ፕላስተር ወለሉ ላይ ተለጥፏል፤ ከመጥረግ ብዛት ጠርዙ ተልጧል።

ገምጋሚዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

“ማሚ” አለች ልጅቷ እግሯን ሳታወርድ፣ “እንድነሳ የሚደውለው ሰዓት ገና አልጮኸም። ልለፍ?”