ጦሩ ያረፈበት

«የባልሽ አባት አርፈዋል። ሰው ተሰብስቦ እስክናረዳው ድረስ እንደምንም ከቤት አውጪልን፤ ደግሞ ፊትሽ ላይ እንዳያነበው አደራ!» አሏት ጎረቤታቸው እትዬ አጸደ በጠዋት ደውለው። እሷም ሌላ ቢጠፋት፣ በሚኖሩባት የኖርዌይ የወደብ ከተማ ወዳለው ትንሽ የዓሣ ነባሪ አደን ሙዚየም ባሏን አምሃን ይዛው ሄደች።

አምሃ ግን አንዱንም ዕቃ ልብ ብሎ አላየም። እሷኑ ነው የሚያየው። «አልበረደሽም? ትንሽ ቁጭ ትዪ?» ይላታል። ደግነቱ አንጀቷን በላው።

አስጎብኚዋ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን ግዙፍ የዓሣ ነባሪ አጽም እያሳየች፣ «በገመድ የታሰረው ጦር ከተሰካበት በኋላም ጀልባውን እየጎተተ ሩቅ ይዋኛል» አለች።

«ምስኪን! ምን እንዳገኘው እንኳ አያውቅም» አለች እሷ፣ እንባዋን እየዋጠች።

ባሏ እጇን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

ስልኳ ጠራ። «በቃ አምጪው» አሏት እትዬ አጸደ።

የቤታቸው በር ሲከፈት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ሳሎኑን ሞልተውታል። አምሃን እንዲይዙላት ብላ ፈቀቅ አለች። ሴቶቹ ግን እሱን አልፈው፣ «ያረፉት ያንቺ አባት ናቸው!» እያሉ እሷ ላይ ተጠመጠሙባት። እንዳትወድቅ አስቀድሞ ከኋላዋ የደገፋት አምሃ ነበር።