ያረረ ዳቦ

እንደ ወትሮው ጠዋት አማትየዋ ጠረጴዛውን ትወለውላለች፤ ባዕድ አገር ያደገችው ምራቷ ዳቦ ትጠብሳለች። ልጇ ከሥራ አምሽቶ ስለሚገባ፣ ያስተረጉምላቸው የነበረው የአማትየዋ ባል ካረፈ ወዲህ አንገት በመነቅነቅ ብቻ ነበር የሚግባቡት። ዝምታው ቤቱን እንዳይወርሰው የፈራችው አማት በስልኳ በድብቅ የዕለት ተዕለት ንግግር እንግሊዝኛ ስትማር ከርማለች።

ድንገት ዳቦው አረረ። የምራትየዋ ፊት በሐፍረት ቀላ፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። አማትየዋ ከሰል የመሰለውን ቁራሽ አንስታ ኮሽ አድርጋ ገመጠችና ኮስተር ብላ፣ "ዴሊሸስ!" አለች፤ ይጣፍጣል ማለቷ ነው።

ምራትየዋ አፍጥጣ አየቻት። "እማዬ፣ አንቺ ውሸታም!" አለች በአማቷ ቋንቋ። ለካ እሷም ተደብቃ ስትማር ኖሯል! ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። አብሯቸው የሚስቅ አንድ ሰው ግን ጎደለ።