ከጀልባው ኪራይ የበለጠው ጉርሻ

«ሦስት ሺህ ብር? ለጉርሻ? አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ ግን?»

ወይዘሮ አሲያ ወረቀቱን ከባለቤታቸው እጅ ነጥቀው እንደገና አነበቡት...

ጡረታ የወጡት መምህር፣ አቶ ኑርሁሴን፣ የሽርሽሩን ወጪ በጥንቃቄ ጽፈውበታል።

የመኪና፣ ከውጫሌ ሐይቅ ከተማ ደርሶ መልስ፣ ለሁለት ሰው... አራት መቶ።

የጀልባ ኪራይ፣ ለአንድ ሰዓት... አንድ ሺህ።

ዓሣ ጥብስና ለስላሳ... ስምንት መቶ።

ላልታሰበ ወጪ... ሁለት መቶ።

ለጀልባ ነጂው ጉርሻ... ሦስት ሺህ!

«ምነው፣ ጀልባውን ልትገዛው ነው እንዴ?»

«የመጀመሪያ ሽርሽርሽ አይደል... ይሁን ተይው» አሉ አቶ ኑርሁሴን፣ ዓይን ዓይናቸውን ሳያዩ።

እውነት ነው፣ የመጀመሪያቸው ነው። ወይዘሮ አሲያ አምባሰል ተወልደው ሃምሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው አንድም ቀን ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። ለዚህች ቀን ባልየው ከጡረታቸው ስምንት ወር ቆጥበዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ ደረሱ።

ዳር ላይ አምስት ስድስት ጀልባ ተደርድሯል። «በዚህ ጋሼ! በእኔ ይሂዱ!» የማይላቸው ነጂ አልነበረም።

አቶ ኑርሁሴን ሁሉንም አልፈው መጨረሻ ላይ ወደቆመው ሄዱ።

ነጂው ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ዝምተኛ ሰው ነው። ቀና ብሎ አቶ ኑርሁሴንን አያቸው... ትንሽ ቆየ... ከዚያ እጁን ለወይዘሮ አሲያ ዘረጋ።

«ይውጡ እናቴ፣ አብሽሩ። እዚህ ጋ ይቀመጡ።»

ላይፍ ጃኬቱን አልብሶ ማሰሪያውን ራሱ አጠበቀላቸው።

ወይዘሮ አሲያ መጀመሪያ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያሉ በሁለት እጃቸው ጠርዙን የሙጥኝ አሉ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው እንደ ልጅ ይስቁ ጀመር።

«ይሄ ወፍ ምንድነው? ያ ማዶ ያለው የማን እርሻ ነው? ጥልቀቱስ?»

ነጂው አንዱንም ሳይሰለች መለሰላቸው።

አቶ ኑርሁሴን ግን ኪሳቸውን በየደቂቃው ይዳብሳሉ።

«አንተ፣ ምን ሆነሃል? ውሃ ፈራህ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰዓቱ አለቀ። ወረዱ። ኪራዩ ተከፈለ።

አቶ ኑርሁሴን ከኪሳቸው ፖስታ አውጥተው ዘረጉ።

«ይቺን... ያዛት።»

ነጂው እጁን አላነሳም።

«ኪራዩን እኮ ከፍለዋል፣ መምህር።»

ወይዘሮ አሲያ ደነገጡ። «መምህር? ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

«ስምንተኛ ክፍል አስተምረውኛል። ኡበይድ እባላለሁ።»

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት ነው...

እዚሁ ሐይቅ ከተማ። ተማሪዎቹ ለሽርሽር ያዋጡት ብር ጠፋ። ብሩ የነበረው አቶ ኑርሁሴን ክፍል ውስጥ ትተውት በወጡት ኮት ኪስ ነው። በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ የቀረው ደግሞ ኡበይድ ብቻ ነበር።

ክፍሉ ፊት አቆሙት። «የወሰድከውን አምጣ!» አሉት።

ልጁ ማለ፣ አለቀሰ... የሰማው አልነበረም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀረ። በዚያው ቀረ።

ከአንድ ወር በኋላ ብሩ ተገኘ።

የት? በተቀደደ ኪስ ሾልኮ፣ በራሳቸው በአቶ ኑርሁሴን ኮት ገበር ውስጥ!

አፈሩ። ለማንም ሳይናገሩ ዝውውር ጠይቀው ውጫሌ ገቡ። ኡበይድ ሐይቁ ላይ ጀልባ እንደሚነዳ የሰሙት ገና ከስምንት ወር በፊት ነው።

ይህን ሁሉ ውሃው ዳር ቆመው ለኡበይድ ነገሩት። ሚስታቸውም የሰሙት ገና ያኔ ነው።

«አፉ በለኝ ልጄ...»

ኡበይድ ዳር ላይ ወደተተከለው የዓሣ ጥብስ ቤት ጥላ ተመለከተ።

«ብሩን ያስቀምጡት መምህር። ሌባ አለመሆኔን እኔ አውቃለሁ። ያቺ ጥላው ስር ዓሣ የምትጠብሰዋን ሴት ያዩዋታል? እናቴ ራዚያ ናት። አባቴ እንደተጠራጠረኝ ሞተ። እሷ ደግሞ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እውነቱን ለእሷ ይንገሩልኝ።»

ጥላው ስር ሰው ሞልቷል። ነጂዎች፣ ዓሣ በላተኞች፣ የሠርግ ፎቶ ሊነሱ የመጡ...

አቶ ኑርሁሴን መሃል ገብተው ቆሙ። ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እትዬ ራዚያ፣ የኡበይድ መምህር ነኝ፤ ያኔ የጠፋው ብር የተገኘው ከገዛ ኮቴ ውስጥ ነው። ኡበይድ አልሰረቀም። እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ ራዚያ መጥበሻውን ከእሳት አወረዱ። እጃቸውን ጠረጉ። መምህሩን አላዩም... ልጃቸውን ነው ያዩት።

«ልጄ... ያልጠየቅሁህ እኮ አምኜብህ አይደለም። ‹አዎ› እንዳትለኝ ፈርቼ ነው።»

ያ ጠንካራ ሰው ጭንቅላቱን እናቱ ትከሻ ላይ ጥሎ አነባ።

ቆይተው እትዬ ራዚያ ወደ መምህሩ ዞሩ። «ቁጭ በሉ። ዓሣ ሳትበሉ አትሄዱም።»

በሉ። ሲነሱ ኡበይድ የመምህሩን እጅ ጨብጦ «አፉ ብያለሁ» አላቸው። ፖስታውን ግን አልነካም።

ወይዘሮ አሲያስ? እስከ ውጫሌ ድረስ ባላቸውን አላናገሩም። ከመኪናው ሲወርዱ ብቻ እንዲህ አሉ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻህን ተሸክመኸው... ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ፣ እጅህን ይዤ አመጣህ ነበር።»

ወዳጆቼ... ጉርሻ ላገለገለን ሰው ምስጋና ነው፤ የበደልነውን ሰው ዝም ማሰኛ አይደለም። በሰው ፊት ያጎደፍነው ስም የሚነጻው በሰው ፊት ነው። ደግሞም የምንፈርደው በአንድ ሰው ላይ ብቻ አይደለም፤ እቤት የምትጠብቀው እናቱም አብራ ትፈረድባታለች።

እስኪ ንገሩኝ... እናንተ በኡበይድ ቦታ ብትሆኑ «አፉ ብያለሁ» ለማለት አንድ ቀን ይበቃችሁ ነበር?