አረንጓዴው ቀሚስ

መሳፍንትና የኔአለም ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ስምምነት አላቸው። ተከታታይ ድራማው አርብ ማታ ይተላለፋል፣ እሁድ ከሰዓት ይደገማል። መሳፍንት ልብስ ሰፊ ነው፤ አርብ ለቅዳሜ ገበያ የሚደርስ ሥራ ይዞት ስለሚያመሽ የሚያዩት እሁድ ነው፣ አብረው። ማንም ቀድሞ አያይም። ጎረቤት ሊነግራቸው ሲል እንኳ ጆሯቸውን ይይዛሉ።

ሌላው የደብረ ማርቆስ ባልና ሚስት በምን እንደሚጨዋወት እንጃ፣ የእነሱ ጨዋታ ግን ይኸው ነበር። እሷ በሰዎቹ ትፈርዳለች፣ እሱ በልብሳቸው። የቱርኩ ድራማ ሲመጣ «ይች ሴትዮ ስትተኛም ታኮ ጫማዋን አታወልቅም?» ይላል። አዲስ ክሊፕ ሲወጣ ደግሞ «ዘፈኑስ ይሁን፣ ሱሪውን ማን ነው እንዲህ ያበላሸበት?» ይላል። የኔአለም በበኩሏ ተዋናይ ሲያለቅስ ቶሎ አታምንም። «የሽንኩርት እንባ ነው» ትላለች። በዚህ ሲሳሳቁ ዓመታት ሄዱ።

ዛሬም እሁድ ነው። የኔአለም ምሳውን አነሳስታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቴሌቪዥኑ አርጅቷል፤ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ድርግም ይላል፣ ጎኑን ሲመቱት ይመለሳል። ድሮ ተሽቀዳድሞ የሚመታው መሳፍንት ነበር። አሁን እሱም የእሷ ሥራ ሆኗል።

ሻንጣዋ በሩ አጠገብ ቆሟል። ድራማው ሲያልቅ ልትነግረው ነው፦ ነገ ጧት አምበር፣ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች፣ አትመለስም። ለምን እስኪያልቅ እንደምትጠብቅ ራሷም አታውቀውም። አንድ ሰሞን አልቅሳ ነበር። አሁን እንባውም ንዴቱም አልቆ ልቧ ደንዝዟል።

ነገሩ የጀመረው በቀሚስ ነው። ባለፈው ወር ድራማው ላይ ሠርግ ነበር። «ይች ልጅ አረንጓዴው አልሆናትም፤ ወገቧ ላይ ሰፍቷል» አለ መሳፍንት። የኔአለም ልጅቷን ፈለገቻት። ስክሪኑ ላይ የነበሩት ተቀምጠው የሚከራከሩ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ልጅቷ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ብቅ ያለችው ከማስታወቂያው በኋላ ነው።

አርብ ቀድሞ አይቶታል ማለት ነው። አርብን ከማን ጋር እንዳየ ለማወቅም ብዙ አልለፋችም። ሱቁ ውስጥ ቁልፍ የምትተክልለት፣ ጠርዝ የምትዘመዝምለት አይናዲስ የምትባል ልጅ አለች፤ ስልኳም ደህና ስልክ ነው። የኔአለም ሱቁ ብቅ ባለች ቁጥር ማሽኑ ላይ የምታገኘው ልጅቷን ሆኗል። መሳፍንት ከጎኗ በርጩማ ላይ ተጠግቷት ይቀመጣል፣ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል።

አንዱን ሲያዩ ሌላው ይመጣል። ወሩ ኅዳር ነው፣ የዝናብ ጠብታ የለም። መሳፍንት ግን ሳይነጋ ወጥቶ ለቁርስ ሲመለስ ፀጉሩም አንገትጌውም ርሶ ነው። «ሱቅ ተጣጥቤ ነው» ይላል፣ በዚያ ብርድ። ወገቤን ብሎ መኝታ ከለየም ሰነበተ። ሹሩባ ተሠርታ ሳምንቱን ሙሉ ፊቱ ስትመላለስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ድሮ የነጠላዋን ጥለት ስትቀይር እንኳ ከሩቅ የሚያውቅ ሰው። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ መናኸሪያው ፊት ለፊት በገዛ ዓይኗ አየች። አይናዲስ ክንዱን ይዛው አስፋልት ያቋርጣሉ። ባጃጁ ይጮሃል፣ ሰው ያያል። እሱ እቴ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ ይራመዳል። የኔአለም ቤት ገብታ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አወጣች።

«ጀመረ?» አለ መሳፍንት ከጓሮ ሲገባ። እግሩ ሻንጣውን መታው። ተንገዳገደ፣ አለፈውና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። የት ልትሄጅ ነው ብሎ አልጠየቀም። የኔአለም ይህንንም ቆጠረችበት።

«አሁን ሊጀምር ነው» አለችው።

«ዛሬ ዳኛው ይፈርዳል። ብቻ ሰውየው ለዳኝነት አልተስማማኝም።»

«ምን ሆነ?»

«ድምፁ የዳኛ አይደለም፣ የደላላ ነው።»

«ካባውስ?»

«ካባማ ያው ካባ ነው።»

«ልጅቷስ?»

«እሷማ ጎበዝ ናት። ስታለቅስ እንኳ አይሰለችም።»

«አዎ፣ ጎበዝ ናት» አለች የኔአለም። ስለ የትኛዋ ልጅ እንደሚያወራ የገባት መሰላት። የሚገርመው፣ አላመማትም። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድድ እንደሚደነዝዘው ነው የሆነባት።

ድራማው ተጀመረ። ፍርድ ቤቱ ሞላ፣ ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። የኔአለም መጨረሻውን መጠበቅ እንደማትችል ታወቃት።

«መሳፍንት።»

«ወይ።»

«ነገ ጧት...»

ልጅቷ ለምስክርነት ስትጠራ ምስሉ ድርግም አለ። ድምፁ ቀጠለ። የኔአለም በልማዷ ልትመታው ብድግ አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ከነገ ወዲያ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ይነሳና ይምታው።

ጠበቀች። መሳፍንት አልተነሳም። አገጩን በእጁ ደግፎ ወደ ቴሌቪዥኑ እንዳዘነበለ ነው። ልጅቷ ስትምል ራሱን ነቀነቀ። ችሎቱ ሲስቅ አብሮ ሳቀ። ስክሪኑ እንደ ጠቆረ ነው።

«ነገ ጧት ምን?» አለ ቆይቶ፣ ዓይኑን ከዚያው ሳይነቅል። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይችን ልጅ እንያት። ዛሬስ ቢጫው እንዴት እንደሆነላት አየሽው?»