የእጩው የትውልድ ጎጆ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አላረዝምባችሁም። ከሲግናል መገናኛ የሚሄደው ታክሲ ሞልቶ እስኪነሳ ታልቃለች።

ነገሩ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሰሞን ነው። ከበበ የሚባል አናጢ ነበር፤ ቤቱ የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ። አንድ ቀን አቶ ሚልኬሳ ሰቦቃ አስጠራው።

አቶ ሚልኬሳን ያን ጊዜ በሰፈሩ የማያውቅ አልነበረም። መገናኛ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር በጅምላ ይሸጣል። ሦስት ዓመት አሜሪካ ተቀምጦ ሲመጣ የአሜሪካ ታሪክ ፍቅር ይዞት መጣ። ሲግናል ላይ «የአሜሪካ ታሪክ ቤት» ብሎ መጽሐፍ ማንበቢያ ከፈተ። የሰፈሩ ልጆች የሃምሳውን ግዛት ስም እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ ሽንታቸው ሲመጣ ግን አጥር ጥግ ነው የሚሮጡት። ሽንት ቤት አልሠራላቸውማ! አሁን ደግሞ በግሉ ለፓርላማ ሊወዳደር ተነስቷል። የምርጫ ምልክቱ ጎጆ።

«ይቺን አየሃት?» አለ ሚልኬሳ፣ ከግንድ የተሠራች ደሳሳ ቤት በፎቶ እያሳየ። «አንድ ትልቅ የአሜሪካ መሪ እዚች ውስጥ ነው የተወለደው። ሕዝብ ጎጆ የተወለደ ሰው ይወዳል።»

«እና?»

«እኔም ጎጆ ነው የተወለድኩት።»

ከበበ ሳቁን በሳል አሳለፈው። የሚልኬሳ አባት ግራዝማች ሰቦቃ ባለ ሰባት ክፍል ቪላ፣ ባለ ሁለት መኪና ነበሩ። ልጃቸውን እንደ እንቁላል ይዘው ነው ያሳደጉት።

«የቷ ጎጆ ናት?»

«የእማማ አስካለች። እኔ መች ጠየቅኳቸው! ራሳቸው ቢሮዬ ድረስ መጥተው ‹ጎጆ ትፈልጋለህ አሉ፤ የኔን ውሰዳት› አሉኝ። እሁድ ሕዝብ ፊት ይመሰክሩልኛል።»

ከበበን ከውሸቱ ይልቅ ይሄ አንገፈገፈው። እማማ አስካለች ጎረቤቱ ናቸው። ከእናታቸው ከወረሷት ጭቃ ቤት ሌላ ምንም የላቸውም። ሚልኬሳ እንዳሰበው ከሆነ ደግሞ ከምርጫው በኋላ ቤቷ ሙዚየም ትሆናለች፤ እሳቸው ይወጣሉ። ለአንድ ቆርቆሮ ነጋዴ ውሸት!

ግን ሥራ ሥራ ነው። በማግስቱ አጣና ተሸክሞ ሄደ፤ የጭቃውን ግድግዳ በአጣና አልብሶ አሜሪካ ሊያስመስል።

እማማ አስካለች ደጃፍ ተቀምጠው በግራ እጃቸው ሽንኩርት ይከትፋሉ።

«እማማ፣ ምን ነካዎት? የት ሊገቡ ነው?»

«እግዜር ያውቃል።»

«ስንት ሰጠዎት?»

«ሰጠኝ፤ አልተቀበልኩም።»

ከበበ መጋዙን ይዞ ከጓሮ ያለችውን ወይራ ሊቆርጥ ሄደ። ለእሁዱ እንግዶች ወንበር ቦታ አትሰጥም።

«እሷን እንዳትነካ!» ብለው ጮኹ። «ቤቱን እንዳሻህ አድርግ። ወይራዋን ተው።»

«እሺ፣ እሺ! ቤት በነጻ የሚሰጥ ሰው በዛፍ ይጣላል?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ። «እማማ፣ ልጅ እያሉ እነ ግራዝማች ቤት ሠርተው የለ?»

«አራት ዓመት።»

«በማንኪያ ስርቆት አባረሩዎት ነው የሚባለው።»

ቢላዋው ቆመ። «እኔ ከነሱ ቤት ጭልፋ አልወሰድኩም። የወሰዱትስ እነሱ ናቸው።»

ደሞዛቸውን ማለታቸው ነው ብሎ ከበበ አንጀቱ ተቃጠለ። ወዲያው ግን ነገሩ የገባው መሰለው። አሃ! አሮጊቷ ቤታቸውን የሰጡት ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሊያዋርዱት!

«እማማ፣ እሁድ ማይክ ሲሰጥዎት እውነቱን ይናገራሉ አይደል?»

«እውነቱን ነው የምናገረው።»

ከበበ ከዚያ በኋላ ሚስማሩን በደስታ መታው።

ቅዳሜ ሚልኬሳ ሥራውን ሊያይ መጣ። የቤቱን ውል በከበበ ሳንቃ ላይ ዘርግቶ በግራ እጁ ፈረመ። እማማ አስካለች ወረቀቱን አላዩትም፤ እጁን ነው ያዩት። ከዚያ ሚልኬሳ ከመኪናው አንድ እብነ በረድ አወረደ። «የሚልኬሳ ሰቦቃ እትብት የተቀበረበት» ይላል።

«በሩ አጠገብ ቆፍረህ በሲሚንቶ ትከለው።»

«ጌታዬ፣ ከሥሩ ምን ልቅበር?»

«ምን ያስቀብርሃል? ማን ቆፍሮ ያያል?»

ከበበ ባዶ ጉድጓድ ቆፍሮ ባዶውን ደፈነው። ቤቱ ሲገባ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። የሰው እትብት ላይ ይዋሻል እንዴ? ራቱንም ሳይበላ ተኛ።

እሁድ ከሰዓት ድንኳን ተጣለ። ጋዜጠኛ መጣ፤ ከሲ.ኤም.ሲ ባለ መኪናው፣ ከላይ ከዳገቱ ባለ እግሩ፣ ሁሉ መጣ። ሚልኬሳ እብነ በረዱን እየዳበሰ ተናገረ። «ከናንተው መሃል ነኝ! ድህነትን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። እትብቴ ይኸው፣ እዚህ ነው!» መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። ዓይኑ ደረቅ ነበር።

«ኧረ ውሸት! በቪላ ያደግክ!» አለ ባለ ሱቁ ቶፊቅ ከኋላ።

ሰው ተንጫጫ። ሚልኬሳ ላብ አጠመቀው፤ ማይኩን ለእማማ አስካለች አቀበላቸው። «እኔን ካላመናችሁ እሳቸውን ጠይቁ! እማማ፣ የት እንደተወለድኩ ይንገሯቸው።»

ከበበ ከሕዝቡ መሃል በጥፍሩ ቆመ። በሏ፣ አሁን!

እማማ አስካለች ማይኩን በግራ እጃቸው ያዙ። እብነ በረዱን አዩ፤ ሚልኬሳን ከእግር እስከ ራስ አዩት።

«ድንጋዩን ያለ ቦታው ነው የተከላችሁት» አሉ። «እኔ ስወልደው እትብቱን የቀበርኩት ወይራዋ ሥር ነው።»