የረቡዕ ወተት

ይድረስ ለመላው ሕዝብ፦ ዛሬ ረቡዕ ጠዋት በመምህር ይርዳው ቤት አንድ ብርጭቆ ወተት ሳይጠጣ ቀርቷል!

ጾም ከተከለከለ ወዲህ ምግብ የተወን ሰው ፍሪጁ ይጠይቃል፤ ጾመኛ መምህር ደግሞ ከሥራው ይባረራል። የጾመኛዋን የመምህርት ስንዱን ወተት እስከ ዛሬ ደርቦ የሚጠጣላት ሃይማኖት የለሹ ባሏ ይርዳው ነበር። ትናንት ስለተጣሉ ግን ዛሬ አኩርፎ ተወው።

«ከሁለታችሁ ያልጠጣው ማን ነው?» አለ ፍሪጁ።

የስንዱ ማንኪያ ከሻይ ብርጭቆዋ ጋር ይንቃጨል ጀመር። ይርዳው አየት አደረጋት።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አሞዎት ነው? ሐኪም ልጥራ?»

«ደህና ነኝ።»

«ይርዴ፣ ተው!» አለች ስንዱ በሹክሹክታ።

«ምክንያት ካልሰጡ ጾመኛ ብዬ እመዘግባለሁ።»

«መዝግብ» አለ ይርዳው። «ለፍሪጅ ምክንያት አልሰጥም።»