የባሏ የግፊት ክኒን

ጸሎት፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው ፋርማሲ ገብታ የባሏን የግፊት ክኒን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ለሚጥል በሽታም ሳይረዳ አይቀርም የሚል ጥናት በሬዲዮ ሰማሁ። ወንድሜን ይጥለዋል፤ ከዚህ ብሰጠው ይጎዳዋል?»

ፋርማሲስቷ እሽጉን ገልብጣ አነበበችና ቀና አለች። «ጥናቱን እኔም ሰምቻለሁ፤ ለሌላ ሰው የታዘዘ ግን አይሰጥም። ደግሞ እህቴ፣ ይሄ የግፊት አይደለም። ራሱ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው።»

ጸሎት እሽጉ ላይ አፈጠጠች። ባለፈው ፋሲካ ወንድሟ እቤቷ ሲወድቅ፣ ባሏ «ይሄ በሽታ ይጋባል» ብሎ ወንድሟ የጠጣበትን ብርጭቆ ደጅ ወርውሮ ሰብሮት ነበር። ወንድሟ ከዚያ ወዲህ ደጃፏን ረግጦ አያውቅም።

ስልኳ ጠራ።

«ጸሎትዬ» አለ ባሏ፣ «የግፊት ክኒኔን የት አደረግሽው?»